ለብቻዬ ሮም፦ የአበበ ቢቂላን መንገድ ተከትዬ

ለቅዳሜና እሁድ ከፍራንክፈርት ብቻዬን ሮም እንደምሄድ ስናገር የሁሉም ጥያቄ «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ነበር። መልሱ ነበረኝ፤ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ የሮጠበትን መንገድ ማየት።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ስንቅ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይመስለኛል። ጉዳይ ያለው ሰው ጠዋት ሲነሳ የት ልሂድ ብሎ አይጨነቅም፤ ሁሉን ላዳርስ ብሎም አይባክንም።

ሳይመሽ የሚያደርስ በረራ መረጥኩ። ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ እስከ ተርሚኒ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አልጋ የያዝኩት ከሜትሮ ቢ መስመር አጠገብ ነው፤ ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው እሱ ነውና። ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር ፓስፖርት መያዝ አይዘንጋ። ሆቴሎች የከተማውን የቱሪስት ግብር ከአልጋው ዋጋ ለይተው እንደሚያስከፍሉም ማወቅ ጥሩ ነው። የደረስኩት አርብ ስለነበር ራቴ ማሪናራ ሆነ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለው፣ አይብ ያልነካው ፒዛ። ለጿሚ ሮም አትከብድም።

ቅዳሜን ውድድሩ በተጀመረበት በካምፒዶሊዮ ኮረብታና በአካባቢው አሳለፍኩ። ጥንታዊውን የአፒያ መንገድ ለእሁድ ያቆየሁት መኪና የሚገደብበት ቀን ስለሆነ ነው። ከሳን ሴባስቲያኖ በር ወዲያ ያለው መጀመሪያው ክፍል ጠባብ ነው፤ የእግረኛ መሄጃ የለውም። ስለዚህ እሱን በአውቶብስ አልፌ ከቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር አጠገብ በእግር ጀመርኩ። ጥቁሩ ድንጋይ ትልልቅና ጎርባጣ ነው፤ ወፍራም ጫማ አድርጌ እንኳ ቁርጭምጭሚቴ ዛለ። አበበ በዚህ መንገድ የተመለሰው መሽቶ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ነበር። ይህን በፎቶ አይቼዋለሁ፤ ድንጋዩን ስረግጥ ግን የሠራው ነገር ትልቅነት እንደ አዲስ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስኩ። ፋሺስቶች ዘርፈው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚሁ፣ ዛሬ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ካለበት ሕንፃ ፊት ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። በውድድሩ ምሽት ሐውልቱ ገና እዚሁ ሳለ አበበና የሞሮኮው ሯጭ ራዲ ጎን ለጎን እየሮጡ መጡ፤ አበበ አፈትልኮ የወጣው በዚህ ሐውልት አካባቢ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። የክብር ዘበኛው ወታደር በተዘረፈው ሐውልት ፊት ራዲን ጥሎ ሲሄድ እያሰብኩ እንባዬ መጣ።

ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ ያለው የሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ቀጥ ያለና አጭር ነው፤ ዛፎች ጥላ ያደርጉለታል። በረራዬ የማታ ነበር፣ ሻንጣዬም ሆቴሉ ዘንድ። «እንሂድ» የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ያቺን መንገድ ደጋግሜ ተመላለስኩባት።