ወፍጮ ቤት የሰማሁት

ዛሬ ባሕር ዳር ወፍጮ ቤት ተሰልፈን መብራት ጠፋ። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ 80ን አልፈዋል። ዝም ያለውን ማሽን እያዩ ስለ እናታቸው ያወሩኝ ጀመር።

እናታቸው በ1918 ዓ.ም. ገደማ ጣና ዳር የ13 ዓመት ሙሽራ ነበሩ። ውሃ በእንስራ ከሐይቁ፣ እንጨት ለቀማ፣ ማታ ደግሞ ጥጥ መፍተል። ይህን ቶሎ ቶሎ አሉት። ወፍጮው ላይ ሲደርሱ ግን ቀስ አሉ።

ዶሮ ሳይጮህ መፍጨት ይጀመራል። አማት ተኝተው ያዳምጣሉ። የመጁ ድምፅ ከተቋረጠ ሙሽሪት አንቀላፍታለች ማለት ነው። ከሻከረ ደግሞ ዱቄቱ ገና አልላመም። ልጅቷ እንቅልፍ እንዳይጥላት እየፈጨች ታንጎራጉራለች።

ያኔ ዙፋኑ ላይ የነበሩት ሴት ናቸው፤ ንግሥት ዘውዲቱ፣ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም.። ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ተጽፏል። የጣና ዳሯን ልጅ ሌሊት ግን ከእንዲህ ካሉ እናቶች አፍ ካልሰማን ከየት እናገኘዋለን? የሚያውቁት እኮ እያለቁብን ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

አብራኝ የነበረችው ልጄ 14 ዓመቷ ነው። "እማማ፣ ታዲያ መቼ ነበር የሚጫወቱት?" አለቻቸው።

"ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ይላሉ፤ ለጥምቀት ይጨፍራሉ። ሳያገቡ ነው እንግዲህ፣ የኔ አበባ።"

ልጄ ሌላም ብዙ ጠየቀቻቸው። ቅዳሜ ቤታቸው ሄደን ድምፃቸውን እንድንቀዳ ፈቅደውልናል።