የመስከረም ትከሻ

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ ጎንደር ውስጥ እጅ ኳስ የሚያሠለጥን ሁሉ የሚገጥመው ነገር አንድ ነው፤ ልጆቹ ሁለት ወር ኳስ ሳይነኩ ይከርሙና በመጀመሪያው ቀን ጎል መምታት ይፈልጋሉ። እግር ሲደክም ያስታውቃል፣ ልጁም ይቀመጣል። ክንድ ግን የዕለቱን በዕለቱ አይናገርም፤ ሕመሙ የሚመጣው ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ የሰነበተ ልጅማ ገና ሳይጀምር ትከሻው ደክሞ ነው የሚመጣው፤ በምዝገባ ቀን ይህንን መጠየቅ አይከፋም።

ከ12 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ ጉዳዩ የጡንቻ ብቻ አይደለም። የላይኛው ክንድ አጥንት በአብዛኛው የሚረዝመው ትከሻው አጠገብ ባለ ለጋ ክፍል ነው። ክንዱ በውርወራ ደጋግሞ ሲጠማዘዝ ይህ ክፍል ከጅማቱ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።

መድኃኒቱ ውርወራን መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የዴንማርክ ጥናት፣ የሳምንት የእጅ ኳስ ጫናቸው ካለፉት አራት ሳምንታት አማካይ ከ60 በመቶ በላይ የጨመረ ወጣቶች ትከሻቸው ይበልጥ እንደሚጎዳ አሳይቷል። ከክረምት የመጣ ልጅ ደግሞ አማካዩ ዜሮ ነው። ስለዚህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይወርውር። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 40 ውርወራ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በ8 ሜትር ርቀት፣ በግማሽ ኃይል፤ ጎል መምታት የለም። በሁለተኛው 50። በሦስተኛው 60፣ ከነሱ 10 ያህሉ ከ7 ሜትር መስመር ቆሞ ጎል መምታት። ዘሎ መምታት የሚገባው በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ከ70ው 15 ቢሆን ይበቃል።

ቆጠራውን የሚያበላሸው የማሟሟቂያውን ቅብብል አለመቁጠር ነው። አሠልጣኙ «ዛሬ 20 ብቻ ነው የመቱት» ሲል ልጁ ከዚያ በፊት 80 ጊዜ አቀብሏል። ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ የተወረወረውም ይደመር። 25 ልጅ ለብቻ መቁጠር አይቻልም፤ ጥንዶቹ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ በየ10ሩ አንድ ጠጠር መስመሩ ላይ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠጠሩ አራት ሲሞላ ኳሱ ይሰበሰባል፣ ቢለምኑም።

ኳሱም ጥፋት አለበት። ከ8 እስከ 14 ዓመት ላሉ ሴቶችና ከ8 እስከ 12 ላሉ ወንዶች ቁጥር 1 ነው፤ ዙሪያው ከ50 እስከ 52 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ290 እስከ 330 ግራም። ከዚያ በላይ ላሉ ሴቶችና እስከ 16 ዓመት ላሉ ወንዶች ቁጥር 2። ብዙ ቦታ ያለው ግን እስከ 475 ግራም የሚመዝነው የትልልቆቹ ቁጥር 3 ነው። ጣቱ ኳሱን መያዝ ያቃተው ልጅ ክርኑን ከትከሻው በታች ያወርድና ኳሱን ይገፋዋል፤ ሸክሙ ሁሉ ትከሻው ላይ ያርፋል። ጭቃ ላይ ውሎ ውኃ የጠጣ ኳስም ያው ነው።

ለትከሻ ማጠንከሪያ የሚሸጥ ላስቲክ ካልተገኘ የብስክሌት ከመነዳሪ ይበቃል። መንፊያውን ቆርጦ ማውጣት፣ በርዝመቱ መሰንጠቅ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ የጎሉ ቋሚ ላይ በክርን ከፍታ ማሰር። ልጁ ቋሚውን በጎኑ አድርጎ ይቆምና ላስቲኩን ራቅ ባለው እጁ ይይዛል፤ ክርኑን በ90 ዲግሪ አጥፎ፣ በክርኑና በጎድኑ መካከል የታጠፈ ፎጣ ያደርጋል። ክንዱን ወደ ውጭ ይከፍታል፣ ሦስት እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ሸሽቷል ማለት ነው። ወገቡን የሚያዞር ልጅ ደግሞ ላስቲኩ ከብዶታል፤ ወደ ቋሚው ይጠጋ። የተሰነጣጠቀ ከመነዳሪ ግን ይጣል፤ ተበጥሶ ዓይን ይመታል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ላብ ጠብ እስኪል 10 ደቂቃ ሩጫና ክንድ ማዞር፣ ጃኬቱ ሳይወልቅ። የመጀመሪያው ቅብብል በ5 ሜትር ይሁን።

ሕመም ሲመጣ «የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በመዳፉ ሰፊ ቦታ የሚያሻሽ ልጅ ድካም ነው ያለበት፤ በሁለት ቀን ይለቀዋል። በአንድ ጣት ትከሻው ወይም የክንዱ ላይኛ ክፍል ላይ ነጥብ የሚያሳይ፣ ሲወረውር የሚያመው ወይም ሌሊት የሚቀሰቅሰው ግን በዚያው ቀን ውርወራ ያቁም። ዲክሎፌናክ ቀብቶ ማጫወት ሕመሙን መደበቅ ነው። ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳብም ለጋ አጥንት ላይ አይሞከርም፤ ሐኪም ይየው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት አለ። እስኪፈቀድለት በእግሩ ይሥራ፣ መከላከልም ይለማመድ። ሲመለስ ጓደኞቹ 70 ላይ ቢሆኑም እሱ ከ40ው ይጀምራል።