ከኮንዶሚኒየም እስከ ጓሳ

መናኸሪያ ውስጥ ጫኙ ለአንዲት የጀርባ ቦርሳ 50 ብር ጠየቀኝ። ታሪፉ ስንት ነው ስለው «ዛሬ እንዲህ ነው» አለ። ተጨቃጭቀን በ30 ተስማማን። እስከ ሸኖ ድረስ በሆዴ እየሰደብኩት ሄድኩ። ከመስኮቱ ውጪ የገብስ ማሳ ሲያልፍ ነበር መሰለኝ።

ጉዞው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ የተደረገ ነው። ዛሬ እንዲያ ብድግ ብሎ መንዝ መሄድ ቀላል አይደለም።

እዚያ ወዳለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ የሄድኩት ተፈጥሮ ናፍቆኝ አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። ቢሮ ያሉ ልጆች «ወጣ በልና ነፋስ ተቀበል» ሲሉኝ ከረሙ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቴን ስከፍት የሚታየኝ የፊት ለፊቱ ብሎክ ግድግዳና የጎረቤት ካልሲ ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች አነጻጸረ። በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግንብ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ይወጡ ነበር። ጠንካራ ማስታገሻም ያን ያህል አልፈለጉም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የጎረቤቴን ካልሲ በክፉ ዓይን ነው የማየው።

ደብረ ብርሃን ሻይ ጠጣን። ጣርማ በር በጉም ተውጦ ነበር፤ ወደ ግራ ታጠፍን። መሐል ሜዳ ከተማ ስንደርስ መሽቷል።

ሌሊቱን አልረሳውም። አልጋው 150 ብር ነበር፤ በዋጋው አላማርርም። ብርድ ልብሱ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም ስስ። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቀው ደብረ ብርሃን እዚሁ ጎረቤት ሆና! ታች ቡና ቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ሙዚቃ ይደልቃል። እሱ ሲያቆም ውሾቹ ተቀበሉ። ወርጄ ሌላ ብርድ ልብስ ስጠይቅ አስተናጋጇ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ይሄ ደግሞ ብርድ ነው እንዴ? ኅዳር ላይ ቢመጡ ምን ሊሉ ነው?» አለች። ደግነቱ ከራሷ ክፍል ባና አምጥታ ሰጠችኝ። የመንዝ በግ ፀጉር ነው። ይኮሰኩሳል፣ በግ በግ ይሸታል። በእሱ ተጠቅልዬ እስኪነጋ ለጥ አልኩ። ቤቴ ስንት ሺህ ብር የወጣበት ፍራሽ አለኝ እኮ።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫም ሜዳና ኮረብታ ነው። ሣር፣ ጅብራ፣ አስታ፣ ከዚያ ደግሞ ሣር። የጥብቅ ስፍራው ጠባቂ ወጣት ነው። «ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ አየሩ ቀጭን ነው» እያለ ፊት ፊቴ ይሄዳል። እኔ እንደ ውሻ አለከልካለሁ፤ እሱ ያፏጫል።

ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ተበትነዋል። ቁጭ ብለው ይግጣሉ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘመድ ሁሉ በሣር የሚኖሩት እነሱ ብቻ ናቸው። ጥቂት ሜትር ላይ ቆሜ ያልጠበቅኩትን ሰማሁ፦ ሣር ሲነቀል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ። በሁለቱም እጃቸው እያፈራረቁ ይለቅማሉ፤ እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፍ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ልጇን ያዘለች፣ አየችኝና ፊቷን አዞረች። እንደኔ ያለ ብዙ አይታለች።

ከዚያ ቀይ ቀበሮው መጣ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም። በጭላዳዎቹ መሐል ዝም ብሎ ይሄዳል፤ እነሱም ዝም ብለው ይግጣሉ። ጠባቂው «አይጥ ፍለጋ ነው ጋሼ» አለኝ። እዚሁ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው ጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 ጊዜ። እኔ ባየሁበት ሰዓት ግን አንድም አልያዘም።

ስንመለስ ነፋሱ ፊት አላስቀርብ አለ። መንገድ ዳር ካለ የድንጋይ ቤት አንዲት እናት «ግባ ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታህ» ብለው ጎትተው አስገቡን። የገብስ ቆሎና ጠላ ቀረበ። ባለቤታቸው እሳቱ ዳር ተቀምጠው የጓሳ ሣር ገመድ ይገምዳሉ። መዳፋቸውን እንትፍ ይላሉ፤ ሁለት ዘለላ ጭናቸው ላይ ያሻሉ፤ ሊያልቅ ሲል አዲስ ሣር ይቀጥላሉ። መገጣጠሚያውን በዓይኔ ፈልጌ አጣሁት።

ስለ ቀሮ፣ ጓሳው ስለሚጠበቅበት የአባቶች ሥርዓት፣ የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። ጓሳው በአባቶች ውሳኔ ለዓመታት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፤ ለጣራ፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ተደራጅቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ።

«የናንተ ቤት ጣራ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ኮንክሪት ነው አባባ።»

«ከምን ይሠራል?»

«ከሲሚንቶ፣ ከጠጠር፣ ከአሸዋ።»

«አሸዋው ከየት ይመጣል?»

ከወንዝ መሰለኝ አልኳቸው። የትኛው ወንዝ? ማን ይጠብቀዋል? ሲያልቅስ? ለሦስቱም መልስ አልነበረኝም። ከተማ ውስጥ ስለ ተፈጥሮ የምናወራ ሰዎች ነን፤ ፎቶ እንለጥፋለን፣ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ግን ሣሩ ቢያልቅ ቤታችን አያፈስም። ለእኔ ጓሳ ውብ ነው። ለእሳቸው ጣራ ነው። እንደኔ በውበቱ ብቻ ቢወደድ ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን የሚቆም አይመስለኝም።

ስለ ሣር ጣራ የሚያምር ነገር እንዲነግሩኝ ጓጉቼ ነበር። «ልጄ ቆርቆሮ አልብሶልኛል፤ ይመስገን» አሉ። ሲዘንብ ያስጮኻል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ግን በየጊዜው አጭዶ መክደን ቀረላቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ብሎኬት ያመርታል። እሱ ጓሳው ተከፈተ ተዘጋ ብሎ ይጠይቃል? አልኩ። ሚስታቸው ቀደሙ፦ «ኧረ ምን ገዶት!» ሽማግሌው እንደ መቆጣት አይተዋቸው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ልነሳ ስል አንዱን ገመድ ልግዛዎት አልኳቸው። 40 ብር አሉ።

«ስንት ከብት አለህ?»

«የለኝም።»

«በግስ?»

«በግም የለኝም። ሳሎን ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።»

ሚስታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ጠባቂውም ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ገመዱን ሁለቴ ጎትተው ጥንካሬውን ካሳዩኝ በኋላ «ግድግዳ ላይማ ቀጭኑም ይበቃህ ነበር» አሉ። 40 ብሩን ግን ቆጥረው ተቀበሉ።