ለጩኸት የሚሮጥን ልጅ «ቁም» ማለት

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ እኔ ከሂውስተን ለእረፍት መጥቼ ጅማ እናቴ ቤት ነበርኩ። የደብራችን ሰንበት ተማሪዎች «ሄደን እናግዝ» ብለው ተነሡ። ሃርቬይ የሚሉት አውሎ ነፋስ በ2017 እ.ኤ.አ. ሂውስተንን ሲያጥለቀልቅ ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር ሻጋታ የበላው ግድግዳ ስገነጥል መክረሜን እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። እናም «ጋሼ፣ አንተ አዘጋጀን» አሉኝ።

ከአሜሪካ ይዤው የመጣሁት ዕውቀት ግማሹ እዚህ ቦታ የለውም። እዚያ ወላጅ ፎርም ይፈርማል፣ አለቀ። ጅማ ላይ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ራሳቸው መጡ። «ሴቶቹ የት ነው የሚያድሩት? ማንስ ነው ኃላፊው?» ከየትኛውም ፎርም የጠነከረ ጥያቄ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ እንደማይሄድ የተወሰነውም በእነሱ ግፊት ነው። ድንኳን መትከል፣ ለብዙ ሰው ወጥ መሥራት፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥን ደግሞ እድር አስተምሯቸዋል፤ እኔ ምን ልጨምር?

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ጎፋ ላይ መጀመሪያ የተናደው መሬት የቀበረው ጥቂት ቤተሰቦችን ነበር። ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው በአካፋና በእጁ ሊያወጣቸው ሲቆፍር ተራራው እንደገና ተናደ። ከሞቱት ብዙዎቹ ለእርዳታ የደረሱት ናቸው። ሂውስተን ውስጥ ውሃው ከሸሸ በኋላ የምንፈራው ሻጋታና ኤሌክትሪክ ነበር። የተናደ ተራራ ግን ቀሪው ግድግዳ ድጋፍ አጥቶ፣ ውሃ ጠጥቶ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ዝናቡ ቢያባራም ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያስተማርኳቸው መቆምን ነው። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ ወደ ላይ አትውጡ፤ ወረዳው ካሰመረላችሁ ቦታ አንድ እርምጃ አትለፉ። ከሰበካ ጉባኤው አንድ አባት ከፋቸው። «ልጄ፣ ሰው ድረሱልኝ እያለ ቆሞ ማየት ከየት የመጣ ትምህርት ነው?» አሉ። እኔም በዚያው ባህል ነው ያደግሁት፤ ሳይደርስ የቀረ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። «አባባ፣ እነዚያም የሞቱት እንደርሳለን ብለው ነው» አልኳቸው። አልተስማሙም። ቢሆንም ሕጉ ጸደቀ፦ ይህን የማይቀበል ጅማ ይቀራል። ሁለት ጎበዞች ቀሩ።

የቀረው ዝግጅት ቀላል ነበር። ወደ ጅሬን አቀበት ሸክም ይዘው በጭቃው ወጡ፤ ነጭ ስኒከር አድርገው የመጡት በማግስቱ የጅማው መርካቶ ገብተው ቦቲ ገዙ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተከተቡ፤ አጎበርና ውሃ ማከሚያ ያዙ። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለነበር ስንቁ በሶና ቆሎ ሆነ። እናቷ የዳውሮ ሰው የሆነች ልጅ አስተርጓሚ ሆነች፤ የዳውሮና የጎፋ ቋንቋዎች ይቀራረባሉና ትግባባለች። ያዘነ ሰው ፊት ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ስል ማጉረምረም ነበር፤ ቲክቶክ ያሳደገው ትውልድ ነው፣ ምን ይደረግ።

ልብስ ግን አስመረረኝ። የተቀደደ ሹራብ፣ ተረከዙ የወለቀ ታኮ ጫማ ሳይቀር በጆንያ ይመጣል። እኛ በውጭ ያለነውም ከዚህ አንሻልም፤ ቁምሳጥን ስናጸዳ ነው ወገን ትዝ የሚለን። ወረዳው ተደውሎ ሲጠየቅ የፈለገው ብርድ ልብስ፣ የልብስ ሳሙናና ሞዴስ ነበር። ሞዴስ ሲባል ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፣ ሴቶቹ ገንዘብ መሰብሰቡን ተረከቡ። ብርድ ልብሱን አብዛኛውን ያመጡት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የፈረንጅ አራዳ ሰፈር ባለሱቆችም ሳሙናውን በመጣበት ዋጋ ለቀቁልን።

እኔ እረፍቴ አልቆ ስለተመለስኩ አብሬ አልሄድኩም። አስተርጓሚዋ ከጎፋ ዞን ከተማ ከሳውላ ደወለችልኝ፤ ተፈናቃዮቹ ባረፉበት ቦታ ልብስ እያጠቡና ውሃ እያመላለሱ ነው። «ጋሼ፣ ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ትልቅ ድስት ግን የለም። ከጅማ ይላክ?» አለችኝ። እዚያው ሳውላ ገበያ እንዲገዙ ብሩን ላክሁ።