አቤት የሚሉበት ስም

ኮምቦልቻ የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፈን፣ ደብረ ሲና ላይ ቁርስ ቀማምሰን፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለውን ቆላ መስኮት ከፍተን ተሻገርን። ከአውቶቡሱ ስወርድ የወንበሩ ብረት የኮቴን ገበር ከብብቴ እስከ ኪሴ ተረተረው።

ወደ ወሎ የሄድኩት ሰው ለማናገር ነው፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ወሎዬን የሚጠይቅ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ሦስት ነገር መሆኑን ከዚህ በፊት በነበሩ ጉዞዎቼ ታዝቤአለሁ። ስለ ረሃቡ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ዘፈኑና ስለ ቁንጅናው። ሰዉም መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አምባሰልና ባቲን ሳያነሳ፣ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ተዋልዶ መኖሩን ሳይነግር የሚሸኝህ የለም። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ለብቻው ይዞት የሚዞረው ነገር ከእነዚህ ከታወቁት ጥያቄዎች አጠገብ፣ ማንም በማይነካው ቦታ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። በዚህ ጊዜ ያን ቦታ ልፈልግ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ኮምቦልቻ ላይ ያረፍኩት በአንድ ወዳጄ አክስት ቤት ነው። ከተማዋ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋች የፋብሪካ ከተማ ናት። ቢራው፣ ጨርቃጨርቁ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም እዚያው ነው። እኚህ እናትም ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ነው፤ ጡረታ ከወጡ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ጀበናው ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር የጠበቁኝ።

አቦሉን እየጠጣሁ፣ ስኒው አፌ ላይ እንዳለ፣ «እትዬ፣ ሥራው ይከብድ ነበር?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ያልመለሱልኝ ጥያቄው ሳይጥማቸው ቀርቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቶናው ሲቀዳ አቀርቅሬ ጫማዬን እያየሁ ሌላ ነገር ጠየቅሁ፤ አሁንም ፈገግታ ብቻ። ቀና ብዬ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስደግመው ግን ወዲያው፣ «እንዴት አይከብድ!» አሉኝ። ዓይናቸው ዓይኔን አያይም ነበር። የሚያየው ከንፈሬን ነው።

እኔ ምንም አልተናገርኩም። እሳቸው ግን እንዳወቅሁ አወቁ። ስኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ «አንተ ቶሎ ነቃህ» አሉኝ። «ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሳያውቅ ነው የሞተ።»

የሽመና ክፍል ጩኸት ለማያውቀው ሰው በቃል አይነገርም አሉኝ። መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከግራ ቀኝ ሲመላለስ፣ በመቶ የሚቆጠር ማሽን በአንድ ላይ ሲደበድብ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህም አይሰማህም። ሴቶቹ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ይወትፋሉ። ንግግራቸው በከንፈርና በእጅ ነው። ማን እንዳረገዘች፣ ማን ከባሏ እንደተጣላች፣ የሌሊት ፈረቃ ማን ላይ እንደወደቀ፣ ሁሉም ያለ ድምፅ ይወራል። «እዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅም ድምፅ የለውም» አሉኝ። ከፈረቃ ሲወጡ የጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ ተኝቶ ሁሉም የሸበቱ ይመስላሉ። ጆሮው እንዲህ ባለ ቤት በአንድ ቀን አይሄድም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ የሕፃን ልቅሶ እያለ አንድ በአንድ ይቀንሳል። እሳቸው ከሥራ ያስወጡኛል ብለው ፈርተው ደበቁት። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ መደበቁ ራሱ ልማድ ሆኖባቸው ቀረ። ልጆቻቸው «እማዬ ስንጠራት አትዞርም፤ ትኮራለች» ይላሉ።

ከነጠላቸው ጥለት ጫፍ አንድ ክር መዝዘው በጠሱትና በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መልሰው ቋጠሩት። ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁ እንዴት እንደቋጠሩት አላየሁም። «የተበጠሰ ድር እንዲህ ነው የሚቀጠል። ጣትህን ወደ ውስጥ፣ ክሩን ወደ ላይ። ማሽኑ አይጠብቅህም።» ቋጠሮውን በጥፍሬ ዳበስኩት፤ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም።

ጦርነቱን እኔ አላነሳሁም። ራሳቸው አነሱት። በጥቅምት 2014 ውጊያው ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ አንድ ጠዋት ጓሮ ቡና እየቆሉ ነበር። መሬቱ በእግራቸው በኩል ተንቀጠቀጠባቸው። የሽመና ክፍሉ ወለል ልክ እንደዚያ ነበር የሚንቀጠቀጠው። «ልጄ፣ አትታዘበኝ፤ ማሽኖቹ ሥራ ጀመሩ ብዬ ደስ አለኝ» አሉኝ። የጎረቤት ልጅ ሮጣ ገብታ ቀሚሳቸውን ስትጎትት ነው ፊቷን ያዩት፤ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ቃሉን ለማንበብ እንኳ አልቻሉም። ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ አሮ ጥቁር ጭስ ሆነ። ስለዚያ ጦርነት ብዙ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ። ሁሉም የሚጀምረው ከድምፁ ነው። ያለ ድምፅ የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በረካውን ጠጥተን ስንጨርስ፣ ለልጆቻቸው እንዲነግሩ ለመንኳቸው። መንገር አለባቸው ብዬ ከልቤ አምናለሁ፤ እናት ኮራች ተብላ መኖር የለባትም። «አብሽር፣ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። እንደሚነግሯቸው እርግጠኛ አይደለሁም። እኔም የሰማሁትን የጻፍኩት ስማቸውንና ሰፈራቸውን እንዳላነሳ ቃል አስገብተውኝ ነው።

በማግስቱ ወደ ደሴ ወጣሁ። ርቀቱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሐረጎ ጠመዝማዛ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያወጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ ሸሚዝ የበቃው ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ይመኛል። እኔም የተቀደደው ኮቴ ትዝ አለኝ። ከፒያሳ ቁልቁል ስሄድ በአንድ በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊ አገኘሁ። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ አንገታቸው ላይ ሜትር ያንጠለጠሉ፣ ጥርሳቸው መሐል መርፌ የያዙ ሰው ናቸው። ገበሩን ገልብጠው አዩና ከደብተር ትንሽ ወረቀት ቀደው፣ «ስምህን ማን ልበል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጽፈው ኮቴ ላይ በመርፌ ሰኩት።

«የእርስዎንስ ማን ልበል ጋሼ?»

መርፌውን ከጥርሳቸው አወጡና፣ «የትኛውን?» አሉኝ።

የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ነገ ከዙሁር በኋላ ና፤ ይደርስልሃል» ብለው ፔዳሉን መምታት ጀመሩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ያሳለፍኩት በአይጠየፍ አዳራሽ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው፤ ሀብታምና ድሃ ሳይለይ ሁሉም ስለሚስተናገድበት አይጠየፍ ተባለ ይላሉ። እዚያ ቆሜ «የትኛውን?» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ደሴን የቆረቆሩት ሰው ራሳቸው መሐመድ አሊ ተብለው የተወለዱ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ። በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ታሪክ የሚያውቃቸው በሁለተኛው ስማቸው ነው። በመጀመሪያው ስማቸው በልጅነታቸው የጠራቸው ማን ነበር? እናታቸውስ ከጥምቀቱ በኋላ ማን ብላ ትጠራቸው ይሆን? መጽሐፍ ይህን አይጽፍም። የከተማዋ ስም ራሱ አፄ ዮሐንስ እዚያ ሰፍረው ሳለ፣ ጅራታም ኮከብ ታይቶ፣ «ደስዬ» ካሉት የመጣ ነው እየተባለ ይነገራል።

ማታ የጦሳ ተራራ ራሱን በጉም ሸፍኖ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት በርበሬ ሻጭ ለማናገር ሞከርኩ፤ «የእኔ ወሬ ከእኔ ጋር ይቀመጥ ወንድሜ» አለችኝ። አልገፋሁም። ያለመናገር መብቷ የማንም ዓይነት ጉጉት የማይሽረው ነው።

ከዙሁር በኋላ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ኮቱ ተሰፍቶ ተሰቅሏል፤ ስፌቱን በጣቴ ካልዳበስኩት በቀር በዓይን አይለይም። ዱካ አቀረቡልኝ። ከጎረቤት ሻይ አዘዙ። ከዚያም እጃቸው የአንድ ሱሪ ጠርዝ እየጠለፈ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ ተናገሩ።

በ1977 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። አገራቸው ወረባቦ ነው። አባታቸው ሞቱ፤ እናታቸው የዘጠኝ ዓመቱን ታላቅ ልጅ ይዘው ወደ ባቲ መጠለያ ወረዱ፤ ታናሹ ከአያቱ ጋር ቀረ። ባቲ ላይ ስማቸው ተመዘገበ፤ ካርድም ተሰጣቸው። አያት ስትሞት ታናሹን አንድ ዘመድ ተሸክሞ አመጣው። እሱ ሲደርስ ታላቁ አተት ይዞት በሦስተኛው ቀን ሞተ። አዲስ ለመመዝገብ የተሰለፈው ሰው ብዛት ዓይን አይጨርሰውም። ካርዱ ግን በእናትየው እጅ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው የሞተው ልጅ ስም ነው።

«ሌሊት ላይ እናቴ ጆሮዬ ላይ ደጋግማ አስጠናችኝ። ነገ ይህ ስም ሲጠራ አቤት በል አለችኝ። ጠዋት ስሙ ሲጠራ አቤት አልኩ። ስንዴ ሰፈሩልን። እንግዲህ ያን ቀን አቤት ያልኩ፣ ይኸው እስካሁን አቤት እላለሁ።»

ከመጠለያው ሲወጡ በእጃቸው ያለው ብቸኛ ወረቀት ያ ካርድ ነበር። ትምህርት ቤት በዚያው ተመዘገቡ። የቀበሌ መታወቂያም፣ የንግድ ፈቃድም፣ የጋብቻ ውልም በዚያው ሆነ። በተወለዱበት ስም የሚጠሯቸው እናታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሱም መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ቀስ ብለው፣ «ተኛህ ወይ?» ሲሉ። እናትየው ከሞቱ ስምንት ዓመት አለፈ።

«ሚስትዎ ያውቃሉ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ በእኔ ስም አይደለም የሚጠሩት፤ በወንድሜ ስም ነው። ዘጠኝ ዓመት ብቻ ኖሮ ሦስት ልጆች አሉት። እኔ አንድም የለኝም።» መርፌው ቆመ። «ይኸ አይከፋኝም። ለእሱ ደስ ይለኛል። የሚያስቸግረኝ ዱዓ ነው። ለእሱ ዱዓ ሳደርግ የምጠራው ስም የእኔ ነው። አላህ የማንን እንደሚሰማ ያውቃል እያልኩ ነው የምጨርሰው።»

የተወለዱበትን ስም ነገሩኝ። ሁለት ፊደል ነው፤ አልጽፈውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠራኋቸው። ወዲያው አልመለሱም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፣ ሱሪውን አጠፉ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ አስተካከሉ። «እሷ እንደዚህ አታጠብቀውም ነበር፤ ታላላዋለች» አሉኝ። ደግሜ አላልተው ልጥራቸው አልጥራቸው ሳመነታ ደንበኛ መጣ።

ለስፌቱ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ የክሩን ዋጋ ብቻ ወሰዱ።

በማግስቱ ንጋት ላይ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በእጃቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ ይዘዋል፤ ከተሳፋሪው መሐል በዓይናቸው ይፈልጉኛል። ረዳቱ «አዲስ አበባ!» እያለ ይጮሃል፤ አጠገባቸው የሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች ቆመው ያወሯቸዋል። በየትኛው ልጥራቸው ብዬ ትንሽ አመነታሁ። ሰው ስለነበረ በወንድማቸው ስም ጠራኋቸው።

«አቤት» አሉ፤ ቆሎውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።