አውራው ሲጠቁር

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ቆርቆሯችንን እየደበደበ ነው። እኔ በርጩማዬን አኳሪየሙ ፊት አስጠግቼ ዓሦቼን እያየሁ ነጋብኝ።

አኳሪየሙ 200 ሊትር ይይዛል። ውስጡ ያሉት ሲክሊድ ከሚባሉት የዓሣ ወገኖች ናቸው፤ ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው፣ አውራተስ ይባላሉ። ስገዛቸው ስድስቱም ቢጫ ነበሩ፣ ጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር ያላቸው። ከጊዜ በኋላ አንዱ መጥቆር ጀመረ። ታመመ ብዬ ደነገጥኩ። ቢጫው ጠፍቶ ከሰል መሰለ፤ መስመሮቹ ፈዘዝ ወዳለ ሰማያዊ ዞሩ። ለካ ወንድ ነው። የዚህ ዘር ወንድ አውራ ሲሆን ይጠቁራል።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። ጥቁሩ በተለይ አንዷን ትንሽ ዓሣ ማሳደድ ያዘ። ላይኛው ጥግ ላይ፣ ማሞቂያው ጀርባ ተለጥፋ ትውል ጀመር። ክንፎቿ ተሰብስበዋል፣ ቀለሟ ገርጥቷል፣ የጅራቷ ጫፍ ተበልቷል። መተንፈሻ ስንጥቧ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምግብ ስጥል ሌሎቹ ሲሻሙ እሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «ይላመዳሉ» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞታ አገኘኋት። ጓሮ፣ ቡናው ሥር ቀበርኳት። ያቺ «ይላመዳሉ» እስካሁን ትቆጨኛለች።

ተናድጄ ጥቁሩን አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩት። ተገላገልኩ ስል፣ ቀናት ሳይቆዩ ሌላው መጥቆር ጀመረ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት ይሄ ነው። ያም ወንድ ነበር፤ አውራውን ፈርቶ ሴት መስሎ ነው የኖረው።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ቤታቸውን ያየሁት። ድንጋዩን ሁሉ አንድ ጎን ከምሬዋለሁ፤ ሌላው ሜዳ ነው። ሐይቁ ውስጥ እነዚህ ዓሦች ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ነው የሚኖሩት። የተሸነፈው ትንሽ ርቆ ከድንጋይ ኋላ ሲሰወር ጠቡ ያበቃል። እኔ ቤት ግን የሚሸሸው መስታወት ይመልሰዋል፣ ዞሮ ዞሮ ከአሳዳጁ ዓይን አይወጣም። ጥቁሩ የተፈጠረበትን ነው ያደረገው። መሸሻ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

አዌቱ ወንዝ ዳር ድንጋይ ለቀምኩ። በብሩሽ ፈትጌ ደጋግሜ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። እማዬ ደግሞ ሳይሟሽ አንገቱ የተሰበረ ጀበና ነበራት፤ «እንካ፣ ቤት ይሁናቸው» ብላ ሰጠችኝ። ሁሉንም ዓሦች አወጣሁ፣ የድሮውን ክምር አፈረስኩ፣ ከጥግ እስከ ጥግ እንዳይተያዩ አድርጌ ደረደርኩት። ሁለተኛውን ወንድ ለጓደኛዬ ሰጠሁ። ሦስቱን ሴቶች መጀመሪያ መለስኩ፤ ጥቁሩን መጨረሻ ላይ፣ መብራት አጥፍቼ። ግዛቴ የሚለው ቦታ ሲጠፋበት እንደ እንግዳ ዙሪያውን እያየ አነጋ።

ማሳደዱ አልቀረም። ግን አሁን አጭር ነው፤ አንድ ዙር ሄዶ ይተዋል። ውሃውንም በየሳምንቱ ሲሶውን እቀይራለሁ፣ ቀድሞ በባልዲ ያደረውን።

ዛሬ ጠዋት አንዷ ሴት ጀበናው ውስጥ ናት። አገጯ አብጧል፤ እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛለች። እስኪፈለፈሉና ራሳቸውን እስኪችሉ ሦስት ሳምንት ገደማ አትበላም። ጥቁሩ መጥቶ ጀበናው በር ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ ሸሸት አለች። ትንሽ ጠብቆ ዞረና ወደ ድንጋዩ ሄደ።

አራተኛ ቀኗ ነው።