ጀርባውን የሰጠው ሽማግሌ

ዛሬም «የሜዱሳ ርብራብ»ን ሳይ አመሸሁ። በስልክ ነው የማየው። ዋናው ሥዕል ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ቁመቱ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል፣ ወርዱ ከ7 ሜትር ያልፋል። እኔ ግን በሁለት ጣቴ እያጎላሁ አንድ ጥግ ላይ ብቻ እቆያለሁ።

ታሪኩ የእውነት የሆነ ነው። ሜዱሳ የተባለችው የፈረንሳይ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1816 ከሞሪታንያ ጠረፍ አጠገብ አሸዋ ላይ ወጥታ ቀረች። ካፒቴኗ 20 ዓመት ያህል መርከብ ሳይነዳ ቆይቶ፣ የንጉሡ ወገን በመሆኑ የተሾመ ሰው ነበር። ጀልባዎቹ ለሁሉም አልበቁም። ወደ 147 ሰው በገመድ በታሰረ የእንጨት ርብራብ ላይ ተጫነ። ጀልባዎቹ እየጎተቱ ሊወስዷቸው ነበር፣ ብዙም ሳይርቁ ገመዱን ለቀቁባቸው። ከ13 ቀን በኋላ በሕይወት የተገኙት 15 ብቻ ናቸው። በመሃል የሆነውን መጻፍ አልፈልግም።

ሠዓሊው ቴዎዶር ዤሪኮ ሥዕሉን በ1819 ለሕዝብ ሲያሳይ ገና 27 ዓመቱ ነበር። የተረፉትን ሰዎች አነጋግሯል። የሞተ ገላ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አስከሬን ማቆያ ድረስ ሄዷል።

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ከሁሉም በላይ ቆሞ ጨርቅ የሚያውለበልበው ጥቁር ሰው ነው። የባሪያ ንግድ ገና ባልቆመበት ዘመን የሁሉንም ተስፋ እሱ ትከሻ ላይ ማኖር ትልቅ ድፍረት ነው። የሚጣራት መርከብ አድማሱ ላይ ነጥብ ታክላለች። ሸራቸውን ደግሞ ነፋስ ሞልቶታል፤ ግን የሚገፋቸው ከእሷ በተቃራኒ ነው። ይህን ያስተዋልኩት በቅርቡ ነው፣ ሆዴን አባባው።

ድሮ እኔም ከሚያውለበልቡት ጋር ነበርኩ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ግን ዓይኔ ወደ ግራ፣ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ አንድ ሽማግሌ የሞተ ወጣት ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ብዙ ሰው አባትና ልጅ ናቸው ይላል። ሁሉም ወደ መርከቧ ሲንጠራራ እሱ ጀርባውን ሰጥቷታል። አንድ እጁ ልጁን እንደያዘ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ምልክት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ አይመስለኝም። መርከቧ ብትመጣ እንኳ የሚፈልገውን ይዛ አትመጣም።

አባቴም እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። ፊቱ ወደ መስኮቱ፣ ጀርባው ለእኛ። «አባዬ፣ ተነስ እንጂ፣ ከሰው ጋር ተጫወት» እያልኩ ስንት ቀን ነዘነዝኩት። ለእሱ የማስብ መስሎኝ ነበር።

ዤሪኮ የመረጠው ቅጽበት ሰዎቹ የዳኑበት አይደለም። አርገስ የምትባለው መርከብ መጀመሪያ ታይታ ሳታያቸው ተሰወረች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ነው ተመልሳ የመጣችው። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያውለበልቡትም እጃቸውን አውርደው ተጋድመዋል። ያኔ ሁሉም ከሽማግሌው ጋር አንድ ሆነዋል።

ዛሬ አባቴን ተነስ አላልኩትም። ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ «ይበርዳል፣ መስኮቱን ዝጊው» አለኝ።